ጥላዬ ቀትር ላይ የት ይገባል? ስለ ብርሃንና ጥላ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ነገሩ የተጀመረው መብራት በጠፋ አንድ ማታ ነው። ሻማ ተለኮሰ። ግድግዳው ላይ በእጅ ውሻ ተሠራ፤ ጆሮውን አቆመ፣ አፉን ከፈተ። ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ። ጥላው ለምን ከእጄ ይበልጣል? ጥላ ይያዛል? ጨለማ ከየት ይመጣል? አንዳንዱን ወዲያው መለስኩ። አንዳንዱን ደግሞ «ነገ እነግራችኋለሁ» ብዬ አመለጥኩ። ይኸው ነገ ደረሰ።

ከዚህ በታች ያሉት የቤቴና የጎረቤት ልጆች ደጋግመው የጠየቁኝ ናቸው። አብዛኛው በእንጨት፣ በሻማና በወንፊት ይሞከራል። ስለዚህ ልጆች፣ እያነበባችሁ ወጣ በሉና ሞክሩት።

ጥላ ምንድን ነው?

ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ነው። ሌላ ምንም አይደለም። አይነካም፣ አይመዘንም፣ አይያዝም።

ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። መንገዱ ላይ የዛፍ ግንድ ቢያጋጥመው እንደ ውሃ ዞሮ አያልፍም። ግንዱ ላይ ያረፈው እዚያው ይቀራል። በግራና በቀኝ ያለፈው መሬት ይደርሳል። ከግንዱ ጀርባ ብርሃን ያጣው መሬት የግንዱን ቅርጽ ይይዛል። እሱን ነው ጥላ የምንለው።

እንግዲህ ብርሃን ብቻውን አይበቃም። የሚከልለው ነገር ያስፈልጋል፤ ጥላው የሚያርፍበት ግድግዳ ወይም መሬትም ያስፈልጋል። ድቅድቅ ጨለማ በሆነ ክፍል ውስጥ ጥላ የላችሁም። ሸሽቶ አይደለም፤ ክፍሉ በሙሉ ጥላ ስለሆነ ነው።

አማርኛችን ደግሞ ጥላን ብዙ ቦታ ያውለዋል። ከኋላችን የሚከተለንም፣ ዋርካ ሥር የምናርፍበትም፣ ዝናብ ሲመጣ የምንዘረጋውም ጥላ ነው። ዣንጥላ ውስጥ ያለው «ዣን» ጃንሆይ ከሚለው ጋር አንድ ነው ይባላል፤ የንጉሥ ጥላ ማለት ነው። «ጥላ ቢስ» የሚባለው ሰው ግን ፀሐይ ላይ ቢቆም ጥላ አለው። አንድ ልጅ አጣርቶ ነግሮኛል።

ብርሃን ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ በምን ይታወቃል?

ጭስ የሞላው ማድ ቤት ውስጥ አይታችሁት ይሆናል። ቆርቆሮው ላይ ሚስማር የበሳው ቀዳዳ አለ። ፀሐይ በዚያ ትገባለች። እንጀራ እየተጋገረ ከሆነ ጨረሩ ከጣሪያው እስከ ወለሉ እንደ ተወጠረ ክር ይታያል። አይጎብጥም፣ አይዞርም። በእርግጥ የምታዩት መንገዱ ላይ ያገኛቸውን የጭስና የአቧራ ቅንጣቶች ነው። ጭሱ ሲጠራ መስመሩ ይጠፋል፤ ወለሉ ላይ ያለችው ክብ ብርሃን ግን አለች። ይቺን ክብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ ግን ብርሃን መንገዱን ይሰብራል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ የገባ ማንኪያ የተሰበረ የሚመስለው ለዚህ ነው። ውሃው ውስጥ ከገባ በኋላም የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው። የሚታጠፈው ድንበሩ ላይ ብቻ ነው።

ሁሉም ነገር ጥላ አለው?

ብርሃን የማያስተላልፍ ነገር ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ እንጨት፣ ድንጋይ፣ እናንተ። ጥሩ የመስኮት መስታወት አብዛኛውን ብርሃን ስለሚያሳልፍ ጥላው በጣም የሳሳ ነው። በመካከል ያሉም አሉ። ነጠላ ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ እዩ። በክሮቹ መሃል የሚያልፈው ያልፋል፣ ክሩ ላይ ያረፈው ይቀራል፤ ጥላው ግራጫ ይሆናል። ጥበቡ ያለበት ጋ ጠቆር ይላል።

ቀይ ፌስታል ብትዘረጉ ደግሞ ጥላው ቀላ ይላል። ፌስታሉ ቀዩን አሳልፎ ሌላውን ስለሚያስቀር ነው።

ጥላዬ ጠዋት ረጅም፣ ወደ ቀትር አጭር የሚሆነው ለምንድን ነው?

ፀሐይ ዝቅ ስትል ጨረሯ ጋደም ብሎ ይመጣል። ራሳችሁን ታኮ ያለፈው ጨረር መሬት ለመንካት ሩቅ መሄድ አለበት። በዚያ ሁሉ ርቀት ላይ ጥላ ይተኛል። ፀሐይ ከፍ ስትል ጨረሩ ይቆማል፤ ጥላውም ይሰበሰባል። ከቀትር በኋላ ተመልሶ ይረዝማል፤ ግን ወደ ሌላው ጎን። ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ማታ ወደ ምሥራቅ።

ይህን አውቀው አባቶቻችን ሰዓት ሠርተውበታል። የእጅ ሰዓት ባልነበረበት ጊዜ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ የራሱን ጥላ በጫማ ይለካ ነበር። ስንት ጫማ እንደሆነ አይቶ ሰዓቱን ያውቃል። «ረጅም ሰውስ? ጥላው ይረዝም የለ?» ብሎ አንዱ ልጅ ያዘኝ። ጎበዝ ጥያቄ ነው። ይረዝማል፤ ግን የረጅም ሰው እግሩም ረጅም ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ተቀራራቢ ይሆናል። እኔ ይህን ዘዴ በጣም ነው የምወደው። መለኪያውን ቤት ረሳሁት የሚባል ነገር የለም።

በጥላ የዛፍ ቁመትም ይለካል። 1 ሜትር እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ጥላው 2 ሜትር ከሆነ በዚያች ሰዓት የሁሉም ነገር ጥላ የቁመቱ እጥፍ ነው። የባሕር ዛፉ ጥላ 16 ሜትር ከሆነ ዛፉ 8 ሜትር ነው። መውጣት አያስፈልግም። ብቻ መሬቱ ለጥ ያለ ይሁን።

ስድስት ሰዓት ላይ ጥላዬ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል?

አብዛኛውን ቀን አይጠፋም። በዓመት ሁለት ቀን ገደማ ግን ይጠፋል ማለት ይቻላል። ይህ ደግሞ እንደ እኛ ለምድር ወገብ ቀረብ ባሉ አገሮች ብቻ የሚሆን ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ፀሐይ ዓመቱን በሙሉ በአንድ መንገድ አትሄድም። ወደ ሰሜን ትወጣለች፣ ወደ ደቡብ ትመለሳለች። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትወጣ ሚያዝያ 5 ገደማ በከተማዋ አናት ላይ ታልፋለች። ስትመለስ ደግሞ ነሐሴ 24 ገደማ። በእነዚያ ቀናት ቀትር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ የመብራት እንጨት ጥላ የለውም። የእናንተም ጥላ እግራችሁ ሥር ይገባል፤ ቆማችሁበታል ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን ታክሲ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ያሳዝነኛል። ሌላ ጊዜ ሰልፈኛው በምሰሶው ቀጭን ጥላ ልክ ተሰልፎ ይቆማል። አይታችሁ ከሆነ ያስቃል። በእነዚያ ቀናት ግን የምሰሶው ጥላ ራሱ የለም።

ቀኑ በየከተማው ይለያያል። ባሕር ዳር ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 16 ገደማ ነው። መቐለ ሚያዝያ 18 እና ነሐሴ 10 ገደማ። ወደ ሰሜን በሄዳችሁ ቁጥር ሁለቱ ቀናት እየተቀራረቡ ይመጣሉ።

አሁን ዋናው ነገር። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል፣ ከሚያዝያ አጋማሽ በፊት ጀምሮ እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ያለችው በሰሜን በኩል ነው። ስለዚህ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀረው ጊዜ ፀሐይ በደቡብ ናት፤ ጥላውም ወደ ሰሜን። ሰኔ 14 ቀን ቀትር ላይ የ1 ሜትር እንጨት ጥላ 26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ደቡብ ይተኛል። ታኅሣሥ 12 ላይ ያው እንጨት 64 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። አውሮፓ ውስጥ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት «የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ያመለክታል» ይላሉ። እዚያ እውነት ነው። እኛ ጋ የዓመቱን ከሦስት አንድ እጅ በላይ ስህተት ነው። መጽሐፉን ሳይሆን እንጨቱን እመኑ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የእጅ ሰዓታችሁ ልክ 6 ሰዓት ሲል ቀትር አልሆነም። የአገራችን ሰዓት የተስተካከለው ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ነው። ስለዚህ ፀሐይ አናታችን ላይ የምትደርሰው ዘግይታ ነው። በሚያዝያና በነሐሴ ለምሳሌ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ። በሌላ ወር ከ6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 ሊሆን ይችላል። ሰዓት ሳታዩም ታውቁታላችሁ፤ ጥላው ከሁሉ ያጠረበት ቅጽበት እሱ ነው።

እንጨቱን ስትተክሉ ቱንቢ ተጠቀሙ። ክር ላይ የታሰረች ጠጠር ትበቃለች። እንጨቱ ከዘመመ ልኬቱ ሁሉ ይዘምማል።

ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ ጥላዋ እንደኔ ነው?

አይደለም። ዋሽንግተን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ እዚያ አናት ላይ ደርሳ አታውቅም። ጥላዋ ቀትር ላይ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው። ታኅሣሥ 12 ላይ የ1 ሜትር እንጨት እዚያ ወደ 1.9 ሜትር ጥላ ይጥላል። ስቶክሆልም ያለ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ የእሱ እንጨት 8 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው።

የሚያስገርመው ሰኔ 14 ነው። በዚያ ቀን የዋሽንግተኗ እንጨት ጥላ 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባው 26 ጋር ሊተካከል ጥቂት ነው የቀረው። ግን የእሷ ወደ ሰሜን፣ የእናንተ ወደ ደቡብ። ፀሐይ ከሁለታችሁ መሃል ላይ ሆና ነዋ! በቪዲዮ ተደዋውላችሁ ሞክሩት። ሁለታችሁም በየራሳችሁ ቀትር ትለካላችሁ፣ ፎቶ ትለዋወጣላችሁ።

ይህን ጨዋታ ኤራቶስቴንስ የተባለ ሰው ከክርስቶስ ልደት 240 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ተጫውቶታል። የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። አባይ ዳር ባለችው በዛሬዋ አስዋን፣ በዓመቱ ረጅም ቀን ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ውሃውን ታበራለች ሲባል ሰማ። አናት ላይ ናት ማለት ነው። እስክንድርያ ግን በዚያው ቀን ጥላ አለ። ለካው። ጨረሩ ከቀጥታው 7.2 ዲግሪ ያህል አዘንብሏል። የክብ ሃምሳኛ ማለት ነው። ስለዚህ ከአስዋን እስከ እስክንድርያ ያለው መንገድ የመሬት ዙሪያ ሃምሳኛ መሆን አለበት። ሁለቱን የሚለያያቸው 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ50 አባዙት፤ 40,000 ይመጣል። ዛሬ በሳተላይት የሚለካው የመሬት ዙሪያም 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰውየው የተጠቀመው አንድ ጥላና አንድ ርቀት ብቻ ነው።

የእጄ ጥላ ግድግዳ ላይ ለምን ይገዝፋል?

ከሻማ የሚወጣ ብርሃን እንደ ማራገቢያ እየተዘረጋ ይሄዳል። እጃችሁን ወደ ሻማው ባስጠጋችሁ ቁጥር ከማራገቢያው ብዙውን ትከልላላችሁ። ሻማው ከግድግዳው 3 ሜትር ይራቅ እንበል። እጃችሁ ከሻማው 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ጥላው አሥር እጥፍ ይሆናል። ወደ ግድግዳው ስታስጠጉት እየቀነሰ መጥቶ የእጃችሁን ልክ ይሆናል። ያ የማታው ውሻ ጅብ ያክል የሆነው እንደዚህ ነው።

ፀሐይ ግን በጣም ሩቅ ስለሆነች ጨረሯ ሲደርሰን እንደ ተሰለፉ መስመሮች ነው። ከፀሐይ የሚወጣ ጥላ በመቅረብና በመራቅ እንዲህ አይገዝፍም።

ጥላ አንዳንዴ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ አንዳንዴ የደበዘዘ የሚሆነውስ?

ሁለት መብራት አምጡ፤ የስልክ ባትሪና ረጅሙን የጣሪያ ፍሎረሰንት። የስልኩ ብርሃን ከአንዲት ነጥብ ስለሚወጣ ጥላው በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ፍሎረሰንቱ ረጅም ነው። ከአንዱ ጫፉ የተከለለ ቦታ ከሌላው ጫፉ ብርሃን ያገኛል። ስለዚህ መሃሉ ሙሉ ጥላ፣ ዳሩ ከፊል ጥላ ይሆናል።

ሐኪሞች ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ብዙ አምፖል በአንድ ላይ የሚሰቅሉት ለዚህ ነው። አንዱ ቢከለል ሌላው ያበራል፤ የሐኪሙ እጅ የሚሠራበትን ቦታ አያጨልመውም። የማታ ኳስ ስታዩም ተጫዋቹን ተመልከቱት። አራት ጥግ አራት የመብራት ማማ ካለ አራት ጥላ ይዞ ይሮጣል።

አሞራ ከፍ ሲል ጥላው የት ይገባል?

ይህን የጠየቀኝ የ7 ዓመት ልጅ ነው። ሦስት ቀን አስቤበታለሁ።

ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ ክብ ሆና ነው የምትታየን። ስለዚህ ከማንኛውም ነገር ኋላ ያለው ሙሉ ጥላ እንደ ቀንድ እየሾለ ይሄድና አንድ ቦታ ያልቃል። የሚያልቅበት ርቀት የነገሩን ወርድ 108 ጊዜ ያህል ነው። 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሙሉ ጥላው 1 ሜትር ገደማ ሄዶ ያልቃል። ምሰሶው መሬት ላይ ጥላ ጥሎ ሽቦው የት እንዳለ የማይታየው ለዚህ ነው። አሞራም እንዲሁ ነው። ገላው 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሙሉ ጥላው 32 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ጥላው ጫጩቶቹን ያስደነግጣል። ከፍ ሲል ግን መሬት የሚደርሰው ትንሽ የደበዘዘ ነገር ነው፤ በኋላም ምንም።

ጨረቃስ? ወርዷ 3,474 ኪሎ ሜትር ነው። በ108 ስታባዙት 375,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከእኛ ያላት ርቀት ደግሞ በአማካይ 384,000 ኪሎ ሜትር ነው። ጥላዋ መሬት ለመድረስ ለጥቂት ያጥረዋል ማለት ነው! ግን ጨረቃ አንዳንዴ ትቀርባለች፣ አንዳንዴ ትርቃለች። ስትቀርብ ጥላዋ መሬት ይነካል፤ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ትጨልማለች። ስትርቅ እንደ አሞራው ጥላ መንገድ ላይ ያልቃል።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ የሆነው ይህ ሁለተኛው ነው። እሑድ ነበር። ጨረቃ በፀሐይ ፊት አለፈች፤ ግን ርቃ ስለነበር ልትሸፍናት አልቻለችም። ዙሪያዋን የእሳት ቀለበት ቀረ። አዲስ አበባ ያለነው ደግሞ ፀሐይ ተገምጣ አየናት።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ጥላዋ መሬት ይነካል። ግብፅን፣ ሳዑዲ ዓረቢያን፣ የመንን አቋርጦ ያልፋል። ሉክሶር ላይ ከ6 ደቂቃ በላይ ጨለማ ይሆናል። ጅዳና መካ ያሉ ወገኖቻችን መንገዱ ላይ ናቸው፤ ከአሁኑ ደውላችሁ ንገሯቸው። እኛ የምናየው ከፊሉን ነው፣ ያውም የሐምሌ ደመና ከፈቀደ።

የፀሐይ ግርዶሽን በራጅ ፊልም ማየት ይቻላል?

አይቻልም። በጥቁር መነጽርም፣ በጠቆረ ብርጭቆም፣ ሳፋ ውሃ ውስጥ በማየትም አይቻልም። የዓይን ውስጠኛው ክፍል ሳያምም ይቃጠላል፤ የሚያስፈራውም ሳያም መሆኑ ነው። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ከሌለ ወንፊት አምጡ።

አዎ፣ ወንፊት። ፀሐይን በጀርባችሁ አድርጉና ወንፊቱን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። መሬት ላይ ብዙ ትናንሽ ብርሃኖች ይወድቃሉ። በግርዶሽ ጊዜ እያንዳንዷ የተገመጠች ፀሐይ ናት።

ያቺን የማድ ቤት ክብ አስታወሳችሁ? እሷም የፀሐይ ምስል ነበረች። ሚስማሩ የበሳው ቀዳዳ ክብ ባይሆንም ወለሉ ላይ ያረፈችው ክብ ናት፤ ፀሐይ ክብ ስለሆነች። ዛፍ ሥር የምታዩዋቸው ክብ ክብ ብርሃኖችም እንዲሁ ናቸው። በቅጠሎቹ መሃል ያለው ክፍተት ሦስት ማዕዘንም ይሁን ምን፣ መሬት ላይ ክብ ይሆናል። 5 ሜትር ከፍታ ላይ ካለች ትንሽ ቀዳዳ የምትወርደው ክብ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት። ስንት ዓመት እነዚህን ክቦች ረግጬ እንዳለፍኩ ሳስብ ይገርመኛል።

ጨረቃ ግማሽ የምትሆነው የመሬት ጥላ ሲወድቅባት ነው?

አይደለም። ይህን ብዙ አዋቂም ይሳሳታል። ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም፤ ፀሐይ ናት የምታበራላት። ሁልጊዜም ግማሽ አካሏ ብሩህ ነው። እኛ ግን ከተለያየ ጎን ስለምናያት አንዳንዴ ማጭድ፣ አንዳንዴ ሙሉ ትመስለናለች። ከአንድ ሻማ ፊት ቆማችሁ፣ ብርቱካን ይዛችሁ እጃችሁን ዘርጉና ባላችሁበት ቀስ ብላችሁ ዙሩ፤ ወዲያው ይገባችኋል።

የመሬት ጥላ ጨረቃ ላይ የሚወድቀው በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ጥላችን ውስጥ ነበረች። ደመና ያልከለለው አይቷታል። ግን አልጠቆረችም፤ ቀላች። የመሬት አየር ጥቂት የፀሐይ ብርሃን አጥፎ ወደ ጥላው ውስጥ ያስገባል። ሰማያዊው መንገድ ላይ ሲበተን ቀዩ ይደርሳል። ፀሐይ ስትጠልቅ የምናየው ቅላት ማለት ነው፤ ጨረቃ ላይ አርፎ።

ጨለማ ከየት ይመጣል?

ከየትም አይመጣም። ሌሊት ማለት የመሬት ጥላ ነው። መሬት ራሷ ትከልላለች፣ እኛ ጀርባዋ ላይ እንሆናለን።

ይህ ጥላ ሲመጣ ማየት ይቻላል። ሰማዩ በጠራበት በጥቅምት ወይም በኅዳር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁሙ፤ እንጦጦ ቢሆን ግሩም ነው። ፀሐይ እንደጠለቀች ሁሉም ወደ ምዕራብ ያያል። እናንተ ወደ ምሥራቅ ዙሩ። ከአድማሱ ላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መቀነት፣ ከበላዩ ደግሞ ሐምራዊ ነገር ታያላችሁ። ያ ጠቆር ያለው አየሩ ላይ የወደቀ የመሬት ጥላ ነው። ቀስ እያለ ይወጣና ሰማዩን ይሞላዋል። ከዚያ መሽቷል።

የጅብ ዓይን ማታ ብርሃን ያወጣል?

አያወጣም። የጅብም ሆነ የድመት ዓይን ከኋላው እንደ መስታወት ያለ ሽፋን አለው። የባትሪያችሁን ብርሃን ተቀብሎ መልሶ ይልክላችኋል። ባትሪውን ስታጠፉ የጅቡም ዓይን ይጠፋል። ጅቡ ግን አለ፤ ስለዚህ አብሩት።

ድሮ ብዙ የግሪክ ሊቃውንት የሰው ዓይን ጨረር እየላከ ያያል ይሉ ነበር። ከሺህ ዓመት በፊት ባስራ ተወልዶ ካይሮ የሠራው ኢብን አል-ሃይተም አይደለም አለ። ብርሃን ከዕቃው ወደ ዓይን ነው የሚገባው። አንዱ ማስረጃው ቀላል ነው። ፀሐይን ስናይ ዓይናችን ያመናል። ከእኛ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ለምን ያመን ነበር?

የማርያም መቀነትን ለማየት ወዴት ልዙር?

ጥላችሁን ተከተሉ። ቀስተ ደመና ሁልጊዜ ከፀሐይ ተቃራኒ ነው። መሃሉ የራሳችሁ ጥላ በሚያመለክትበት አቅጣጫ ነው፤ ቀስቱ ከዚያ 42 ዲግሪ ገደማ ርቆ ይዞራል። የክረምት ዝናብ ከሰዓት በኋላ ዘንቦ ሲያባራ ፀሐይ በምዕራብ ናት፤ ቀስቱ በምሥራቅ። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ በኋላ ጠብቁት። ቀትር ላይ ግን አትድከሙ። ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ስትወጣ ቀስቱ ከአድማስ በታች ይገባል።

ጎናችሁ የቆመው ልጅ ጥላው ሌላ ነው፤ ስለዚህ የሚያየው ቀስትም የራሱ ነው። ቀይዋ የኔ ናት ተባብላችሁ አትጣሉ።

ብርሃን ምን ያህል ይፈጥናል?

በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። በአንድ ሴኮንድ መሬትን ሰባት ጊዜ ተኩል ይዞራል። ከጨረቃ እኛ ጋ 1.3 ሴኮንድ፣ ከፀሐይ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። አሁን ጀርባችሁን ያሞቀው ብርሃን ከፀሐይ የወጣው ይህን ማንበብ ሳትጀምሩ ሊሆን ይችላል።

ጥላዬን ላመልጠው እችላለሁ?

በሩጫ አይቻልም። በዝላይ ግን ለጥቂት ጊዜ መለያየት ይቻላል። ጠዋት ፀሐይ ላይ ቆማችሁ እግራችሁን እዩ፤ ጥላው ጫማችሁ ላይ ተሰፍቷል። አሁን ዝለሉ። ጥላው መሬት ላይ ቀረ፣ በመሃላችሁ ብርሃን ገባ። ጓደኛችሁ በዚያች ቅጽበት ፎቶ ያንሳችሁ። እኛ ቤት እስከ ዛሬ የተገኘው ትልቁ ክፍተት የአንድ ትልቅ እርምጃ ያህል ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ደረጃ ላይ ሳይወጡ።